አምስት ኤከር የድሮ ግጦሽ፦ ለዱር እንስሳት የሚሆን ምን ፍሬ ልትከል?

አዲስ_ገበሬ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ባለቤቴ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከፍሮንት ሮያል ትንሽ ወጣ ብሎ አምስት ኤከር መሬት ገዛን። ድሮ ከብት ይግጥበት ነበር። አሁን ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ዳር ዳሩን ሬድ ሲዳር የሚሉት ጥድ ወሮታል። ከላይ በኩል ከጫካ ጋር ይዋሰናል፣ ከታች ቀጭን ጅረት አለ። ቤት ለመሥራት ገና ነን። እስከዚያ መሬቱ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለዱር እንስሳት የሚሆን ፍሬ ልንተክልበት አስበናል። ለገበያ አይደለም። እኛም ብንቀምስ አንጠላም፤ ዋናው ግን አጋዘኑም፣ ተርኪ የሚሉት የዱር ዶሮም፣ ወፉም እንዲመጣ ነው።

ያሰብኩት ይሄን ነው፦ ፖም 10፣ ፒር 6፣ ቼስትነት 10፣ ብላክ ዋልነት 6 (ሁለቱም ለውዝ መሰል ፍሬ ያላቸው ዛፎች)፣ ፐርሲመን (ጣፋጭ ብርቱካናማ ፍሬ) 4፣ ኦክ 4። በድምሩ 40። ማርች መጨረሻ ላይ ከትልልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮች ባለ ፕላስቲክ ማሰሮውን ችግኝ ገዝቼ በሁለት ቅዳሜ ልጨርስ። ባጀቴ 1,000 ዶላር ነው። የጎደለ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ባለቤቴ ደግሞ በፀደይ መጀመሪያ ነጭ በነጭ የሚሆነው ዛፍ በር ላይ ካልተተከለ ብላለች። በየመንገዱ አለ። ስሙን የምታውቁ?

የሸለቆው_ሰው

እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ከአንተ ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። ስለዚህ መሬቱን ባላየውም ጠባዩን አውቀዋለሁ።

ገንዘብህን ሳታወጣ በፊት አንድ ቀን ቀለም ያለው ሪባን ይዘህ መሬቱን ዙር። ጫካው ዳር ላይ ኦክ፣ ሂከሪ፣ የዱር ቼሪ፣ ፐርሲመን መኖሩ አይቀርም። የፐርሲመን ቅርፊት ጥቁር ነው፤ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተሰነጣጥቋል። ያገኘኸው ላይ ሪባን እሰር። ከዚያ ዙሪያውን የሚጋፉትን ዋጋ ቢስ ዛፎች ቆርጠህ አናቱ ፀሐይ እንዲያገኝ አድርግ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፍሬው ይጨምራል። ዛሬ የምትተክለው ነጭ ኦክ ፍሬ እስኪሰጥ 20 ዓመት ይፈጃል፣ ሊበልጥም ይችላል። አሁን ያለውን መንከባከብ ከሁሉም ርካሽ ነው። ሰው ግን መግዛት ይወዳል።

ስለ ዝርዝርህ፦

ፖም። ሬድ ሲዳር ወሮታል አልክ። በፖምና በዚያ ጥድ መካከል እየተመላለሰ የሚኖር ፈንገስ አለ። የዝገት በሽታ ነው። በእርጥብ ፀደይ ጥዱ ላይ ብርቱካናማ ዝልግልግ ነገር ታያለህ፤ ከዚያ ተነሥቶ የፖሙ ቅጠል ላይ ያርፋል። ጥዱን ሁሉ ቆርጠህ አትዘልቀውም። መቁረጥም የለብህም፤ በብርዱ ወራት ለወፍና ለአጋዘን መጠለያ ነው፣ ሰማያዊ ፍሬውንም ወፎች ይበሉታል። ስለዚህ ፖም ከፈለግህ ዝገት የሚቋቋሙትን ምረጥ። ሊበርቲና ኢንተርፕራይዝ ጥሩ ናቸው። አሥር ግን አያስፈልግህም። የማይረጭና የማይገረዝ ፖም በዚህ አገር ብዙ አይቆይም።

ቼስትነት። ይሄ የሸናንዶዋ ሸለቆ ብዙው ቦታ የኖራ ድንጋይ ነው። ቼስትነት ኮምጣጣ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። ኖራ የበዛበት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይመነምናል። መጀመሪያ አፈርህን አስመርምር። የቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ በጥቂት ዶላር ይሠራዋል። ሳጥኑን በየካውንቲው ካለው የኤክስቴንሽን ቢሮ ትወስዳለህ።

ብላክ ዋልነት። ሥሩ ጁግሎን የሚባል ነገር ያመነጫል። ፖምን ጨምሮ ብዙ ተክል አይስማማውም። ደግሞ ከዚህ አፈር ጋር በጣም ስለሚዋደድ ስኩረሎቹ ራሳቸው ቀብረው ይተክሉልሃል። ገንዘብህን አታውጣበት።

ነጩ ዛፍ ብራድፎርድ ፒር ነው። አይሆንም። ወፎች ዘሩን እየበተኑት ሜዳውን ሁሉ ወርሷል። ኦሃዮ ከ2023፣ ፔንስልቬንያ ከ2024 ጀምሮ መሸጡን ከልክለዋል። ለእመቤቲቱ ሰርቪስቤሪ ትከልላቸው። እሱም በፀደይ መጀመሪያ ነጭ ያብባል። ጁን ላይ ደግሞ ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል፤ ከወፍ ከተረፈ።

ቀስተኛው

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን በአዳኝ ዓይን ልጨምር።

አጋዘን እንዲመጣ ከፈለግህ ከሁሉም በላይ ፐርሲመን ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ዛፍ እስከ ዲሴምበር ያንጠባጥባል። አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ራኩን፣ ኦፖሰም፣ ድብ፣ ሁሉም ይበላዋል። ችግሩ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ መሆኑ ነው። በዘር የበቀለ ችግኝ ስትገዛ ጾታውን አታውቅም። አራት ተክለህ አራቱም ወንዴ ሊወጡ ይችላሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ጠብቀህ ፍሬ የለም! ወይ ቁጥሩን አብዛ፣ ወይ ሴቴነቱ የታወቀ፣ ግራፍት የተደረገ (ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት) ግዛ። ይወደዳል ግን ቶሎ ያፈራል። ዳር ላይ የዱር ፐርሲመን ካለህ ወንዴ ፍለጋ ላትቸገርም ትችላለህ።

ኦክ ከሆነ ደግሞ ሳውቱዝ ኦክ ትከል። በስድስት በሰባት ዓመት ፍሬ ያፈሳል። ነጭ ኦክ ለልጅ ልጅ ነው።

ሌላው፣ በቆሎ እየገዙ ሜዳ ላይ መድፋት እንዳያምርህ። አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል ሲ-ደብሊው-ዲ የሚባል በሽታ ስላለ እናንተ አካባቢ አጋዘን መቀለብ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። ዛፍ መትከል ግን መቀለብ አይባልም። ብቻ ዛፎቹን አንድ ቦታ አትከምራቸው፤ እንስሳው አፍንጫ ለአፍንጫ ሲጋፋ ነው በሽታው የሚተላለፈው።

(የሚጠይቅ ስላለ፦ አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል። ይበላል። ጥብሱም አንደኛ ነው።)

ሚሚ_ዘሜሪላንድ

ሳውቱዝ ኦክን ተዉት እባካችሁ። የእስያ ዛፍ ነው። ድሮ ለዱር እንስሳት ተብሎ በየቦታው ታደለ፤ አሁን በራሱ ጫካ እየገባ ነው። አውተም ኦሊቭም ልክ እንደዚሁ ነበር። መንግሥት ራሱ «ለወፍ ጥሩ ነው» እያለ ሲያስተክል ኖሮ ዛሬ በመርዝ የሚያሳድደው እሾሃማ ወራሪ ሆነ። ቶሎ የሚያፈራና የትም የሚበቅል ሲሉህ ጠርጥር።

ደግሞ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አጋዘን ነው። ወንድማችን ወፍም ብሏል!

ወፍ ፍሬ ይበላል። ጫጩቶቹን የሚመግበው ግን አብዛኛው አባጨጓሬ ነው። የደላዌር ዩኒቨርሲቲው ዳግ ታላሚ ቺካዲ የሚባሉትን ትንንሽ ወፎች ጥንዶች ሲያጠና፣ አንድ ጎጆ ጫጩት ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ያ ሁሉ ከየት ይመጣል? በዚህ አካባቢ ከኦክ የሚበልጥ ዛፍ የለም። ከዚያ የዱር ቼሪና የዱር ፕለም ወገን ይከተላሉ። ከውጭ የመጣ ዛፍ ላይ ግን ትሉ የሚበላው ስለሌለው ወፉም ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ኦክ ፍሬ እስኪሰጥ 20 ዓመት ይፈጃል የሚለው ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ። ቅጠሉ ገና ከትንሽነቱ ሥራ ላይ ነው።

ፓውፓው የሚባለውን የፍሬ ዛፍ ደግሞ ማንም አላነሳውም። ከጅረቱ ዳር፣ ከፊል ጥላ ባለበት ትከለው። ዜብራ ስዋሎውቴል የምትባለው ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ፓውፓው ላይ ብቻ ነው። ፓውፓው ከሌለ እሷም የለችም። ከአንድ እናት ያልመጡ ቢያንስ ሁለት ዛፎች ያስፈልጋሉ፤ አለዚያ አያፈራም። አበባው የሚስበው ዝንብና ጢንዚዛ ነው፤ ንብ አይመጣበትም። ሽታው ደስ አይልም፣ ፍሬው ግን እንደ ክሬም ነው።

ተጠራጣሪው

አንድ ሰው ሒሳቡን ይንገረው እንጂ። 40 ዛፍ በ1,000 ዶላር?

የዱር አጋዘን ባለበት አገር ችግኝ ያለ መከላከያ መትከል ለአጋዘን ሰላጣ ማቅረብ ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ወይ 5 ጫማ የሚረዝም ቱቦ ከነካስማው፣ ወይ ክብ የሽቦ አጥር ይፈልጋል። 4 ጫማ ቱቦ አይበቃም፤ አጋዘን ከላይ ይቀነጥሰዋል። በዚያ ላይ ከሥር ቮል የሚባል የሜዳ አይጥ አለ። በብርዱ ወራት ሣር ውስጥ ተደብቆ ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጠዋል፤ ዛፉ በፀደይ ሲደርቅ ምክንያቱ እንኳ አይገባህም። በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ ወንዱ አጋዘን ቀንዱን እያሻሸ ግንዱን ይሰብራል።

መከላከያው ከችግኙ ይወደዳል። ይሄን ያላሰበ ሰው 40 ተክሎ 4 ያተርፋል። እኔ ብሆን ልከላከላቸው የምችለውን ቁጥር መጀመሪያ እወስንና ከዚያ ዝርያ እመርጣለሁ።

አዲስ_ገበሬ

ውይ፣ ተባረኩ። ዝርዝሬን እያጠፋሁ ነው።

ጋሼ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ ካላስቸገርኩዎት። አንደኛ፣ ከመደብር ባለ ማሰሮው ይሻላል ወይስ ያለ አፈር በፖስታ የሚላከው? ሁለተኛ፣ ሣሩስ? ፌስኩ ነው ብለውኛል፤ ጥቅጥቅ ብሎ መሬት አይታይም።

ቀስተኛው፣ ኦክ ላይ ሁለት ሐሳብ ሆነብኝ። ከእናንተ ማን ያሸንፋል?

ቀስተኛው

ሚሚ ታሸንፋለች። ከሷ ጋር መከራከር ምን ዋጋ አለው። ግን እኔም ዕድሜዬ ሳያልፍ ፍሬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ይሄ ነውር ነው እንዴ?

የሸለቆው_ሰው

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ አለ። ቺንካፒን ኦክ ይባላል። የዚሁ አገር ዛፍ ነው፣ የኖራ ድንጋይ አፈር ይወዳል፣ ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ሁሉም እንስሳ ይሻማበታል። ከነጭ ኦክ ወገን ስለሆነ ፍሬው በአንድ ዓመት ይደርሳል፤ የቀይ ኦክ ግን ሁለት ዓመት ይፈጃል። ለዚህ ነው ከሁለቱም ወገን መትከል የሚጠቅመው። በአንድ መጥፎ ፀደይ አበባው ውርጭ ቢመታው የዚያ ዓመት ፍሬ የሚጠፋው ከአንዱ ወገን ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄህ። ለአንተ ያለ አፈር የሚመጣው ይሻልሃል። የቨርጂኒያ የደን መሥሪያ ቤት ክሪሞራ ላይ የራሱ ችግኝ ጣቢያ አለው። በጥቅል ስለሚሸጡ ነጠላው ርካሽ ነው፣ ዘሩም የአገሩ ነው። ትዕዛዝ የሚጀምረው በመከር ወራት ስለሆነ ተፈላጊው ቶሎ ያልቃል። ዛሬ ማታ ገብተህ እይ። በማሰሮ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥሩ ክብ ተጠምጥሞ ነው የሚመጣው። ያን ሳትፈታ ከተከልከው ከዓመታት በኋላ ራሱን ያንቃል።

ሣሩን በቀላሉ አትየው። ፌስኩ ውኃውን ሁሉ ይጠጣል፣ ለቮልም ቤት ይሆናል። እያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ 4 ጫማ ክብ ቦታ ከሣር ነፃ ይሁን። ጊዜ ካለህ አሁኑኑ ካርቶን አንጥፍበትና ከላዩ የእንጨት ፍቅፋቂ ጫንበት። ሲተከልም ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ግንዱ ላይ ከተከመረ ይበሰብሳል፣ አይጡም ይገባበታል።

ችግኙ ሲደርስህ እንዲህ ነው። ሥሩ ፀሐይና ንፋስ አይንካው። ያን ቀን የማትተክለው ከሆነ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ነገር ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ስትተክል ባልዲ ውስጥ ከነውኃው ይዘህ ዙር። ጉድጓዱ ሥሩ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ይሁን። ኦክና ፐርሲመን ረጅም ዋና ሥር አላቸው። ጉድጓዱ አጥሮ ጫፉ ወደ ላይ ከተጠማዘዘ ዛፉ ዕድሜ ልኩን ይታመማል። የሥሩ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ አትቅበረው። ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምር። የራሱን አፈር መልስና በእግርህ ጠቅጥቅ፣ ውኃ አጠጣ። ቡቃያው ሳይፈነዳ መጨረስ አለብህ። እኛ ጋ ማርች ነው፣ ቢበዛ ኤፕሪል መጀመሪያ።

የፐርሲመን ሥር ጥቁር ነው። ሞቷል ብለህ እንዳትጥለው። ቅጠልም የሚያወጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ሰው ሜይ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይነቅለዋል።

ቱቦ ከተጠቀምክ አፉ ላይ መረብ አድርግ፤ ትንንሽ ወፎች ይገቡና መውጣት ያቅታቸዋል። ተርብም ጎጆ ይሠራበታል፤ እጅህን ሳትከት በፊት አንኳኳ።

እቴቴ_ስንዱ

ልጄ፣ ሁሉም የሚያወራው እንዲመጡ ነው። ድቡስ? ቤት ልትሠሩ ነው ብለሃል። ልጆች ያሏችሁ እንደሆነ አስቡበት። የእህቴ ልጅ ጓሮ ያለችው ፖም ላይ ድብ ወጥቶ ቅርንጫፉን ሁሉ ዘንጥሎት ሄዷል።

የሸለቆው_ሰው

እቴቴ ልክ ነዎት። ሸናንዶዋ ፓርክ አጠገብ ነው፤ ድብ ሞልቷል። ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ አሁኑኑ ምልክት አድርግበት፣ ፐርሲመኑንና ፖሙን ከዚያ አርቅ። በር ላይ ሰርቪስቤሪ ችግር የለውም፤ ጁን ላይ በጥቂት ሳምንት ወፍ ጠርጎ ይጨርሰዋል። የወደቀ ፍሬ ግን ቤት አጠገብ አይክረም።

ሌላም አለ። ብርድ እንደ ውኃ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ጅረቱ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ኤፕሪል መጨረሻ ላይም ውርጭ ይይዘዋል። ቶሎ የሚያብብ እንደ ፕለም ያለውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርገው። ፐርሲመን ሜይና ጁን ላይ ስለሚያብብ ውርጭ አያገኘውም።

ታውንሃውስ_ነኝ

እናንተ ስለ ኤከር ታወራላችሁ፣ እኔ አሽበርን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ የሚያህል ጓሮ ነው ያለኝ። ኤች-ኦ-ኤውም (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አለ። ለኔ የሚሆን ነገር አለ?

ሚሚ_ዘሜሪላንድ

አለ እንጂ። አንድ ሰርቪስቤሪ ይበቃሻል፤ ውብ ስለሆነ ኤች-ኦ-ኤም አያጉረመርምም። ሥሩ ያለውን ሣር አንሺና ጥላ የሚወድ ተክል አድርጊበት። ቅጠሉ ሲረግፍ ጠርገሽ በከረጢት አታውጪው። ብዙ አባጨጓሬ ከዛፉ ወርዶ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው እዚያ ቅጠል ውስጥ ነው። ጓሮ የሚያጸዳው ድርጅት በንፋስ ማሽን ሲነፋው የሚጠፋው እሱ ነው። የትንኝ መርጫ ኮንትራትም ካለሽ ሰርዢው፤ ቢራቢሮውን ለይቶ አይተውም።

ባህርዳር_ልጅ

ውይይቱን ከባህር ዳር እያነበብኩት ነው። እኛ ጋ ስፕሪንግ የለም፣ የምንተክለው ሰኔና ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ነው። ግን ነገሩ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አስቡ። ወፉም ጦጣውም እዚያ የተሰበሰበው ዝም ብሎ አይደለም። ሾላው አለ፣ ዋንዛው አለ፣ ዶቅማው አለ፣ ዳር ላይ አጋምና ቀጋ አለ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይተካል። ሾላ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ አያፈራም። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወይራን የሚዘራው ወፍ ነው። ፍሬውን ውጦ ቁጥቋጦ ላይ ያርፍና እዚያው ይጥለዋል። ችግኙ ከእሾሁ ሥር ሲበቅል ፍየል አያገኘውም፣ ፀሐዩም አያቃጥለውም። የተራቆተ መሬት ላይ የተተከለው ወይራ ሲደርቅ ቁጥቋጦ ሥር ያለው ይተርፋል። ለአጋዘኑስ ይሄ አይሠራም? እሾሃማ ነገር የላችሁም?

የሸለቆው_ሰው

ወንድሜ ባህር ዳር፣ ጥሩ አነሳህ። አለን። የአሜሪካ ፕለም የሚባለው ነው። በፀደይ ነጭ ያብባል፣ ኦገስት ላይ ቀይ ፍሬ ይሰጣል። ከሥሩ እያቆጠቆጠ ድንክ ደን ይሠራል፣ ቅርንጫፉ ላይም ሹል ነገር አለው። አምስቱን በአንድ የሽቦ ክብ ውስጥ ትከልና መሀላቸው አንድ ኦክ አድርግ። ሽቦው ለስድስቱም ይሆናል። በጥቂት ዓመት ሽቦውን ስታነሳ ፕለሙ ራሱ አጥር ሆኗል። ድርጭቱና ጥንቸሉም መጠለያ ያገኛል። ወጪውም በአንድ ጊዜ ቀነሰ።

ሽቦው ሰፊ ከሆነ ግን አጋዘን ዘሎ ይገባል። ከ8 ጫማ ስፋት አይለፍ።

ተጠራጣሪው

ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ የሚቀንስ ሐሳብ ሰማሁ። ፓውፓውም እንደዚያው ነው፤ ቅጠሉ ስለሚመር አጋዘን አይነካውም። ቱቦ የሚያስፈልገው ቀንድ እንዳያሻሹበትና ልጅ ሳለ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ብቻ ነው።

ሄዝልነትንም እንዳትረሳ። በሦስት አራት ዓመት ያፈራል። ቁጥቋጦ ስለሆነ ቢቀነጠስም መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ትከል፤ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚወስደው ንፋስ ነው።

አዲስ_ገበሬ

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሠራነው። አሁን እንዲህ ሆኗል።

ቅዳሜ ዞርነው። ከጫካው ዳር ሦስት ትልልቅ ኦክና አንድ ወፍራም ሂከሪ አገኘን። ጋሼ ያሉት ጥቁር ቅርፊት ያላቸውም ሁለት አሉ፣ መሬቱ ላይ የደረቀ ፍሬ ነበር። ሪባን አሥረናል። ዙሪያቸውን የሚያጸዳልኝ ሰው አነጋግሬአለሁ። ከባጀቱ የመጀመሪያው ወጪ ይሄ ነው።

ተከላው ከ40 ወደ 24 ወረደ። ቺንካፒን ኦክ 3፣ አንደኛው ፕለም መሀል። ፕለም 5። ፐርሲመን 5፣ ሁለቱ ሴቴነታቸው የታወቀ ግራፍት፣ ከቤቱ ቦታ ርቀው ተበትነው። ሄዝልነት 4 ከጥዱ ጫፍ። ፓውፓው 3 ጅረቱ ዳር ጥላ ሥር። በር ላይ ሰርቪስቤሪ 2። ሊበርቲና ኢንተርፕራይዝ ፖም አንድ አንድ፣ ለኛ። ቼስትነቱን የአፈሩ ውጤት እስኪመጣ አቆይቼዋለሁ። የባለቤቴ ጥያቄ፦ ከጁን እስከ ኖቬምበር ሞላን፣ ከዲሴምበር እስከ ማርችስ ምን አለ?

ሚሚ_ዘሜሪላንድ

ባለቤትህ ጎበዝ ናት። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚረሳው። ጥዱን አትንኩት ያልነው ለዚህ ነው፤ ፍሬው በብርዱ ወራት ይቆያል። ዊንተርቤሪ የምትባል ቁጥቋጦ ጅረቱ አጠገብ ብትጨምሩ ቀይ ፍሬዋን ይዛ በረዶ ላይ ትቆማለች። እሷም ወንዴና ሴቴ አላት። ወንዴው ከሴቴው ጋር በአንድ ጊዜ የሚያብብ ዓይነት መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። ስፓይስቡሽ የሚባለው ቁጥቋጦም እዚያው ጥላ ውስጥ ይሆናል። ፍሬው የሚደርሰው ግን በመከር፣ ወፎቹ ወደ ደቡብ ሲሰደዱ ነው።

ቀስተኛው

ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል። ነፃ ነው። ጋዝና ኤሌክትሪክ በየት እንደሚያልፍ መጥተው ምልክት ያደርጋሉ። ከጥቂት የሥራ ቀን ቀደም ብለህ ግን። የድሮ እርሻ ስለሆነ ምንም የለም አትበል።

የክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም ለመሬት ባለቤት በነፃ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉት። ቼስትነቱን ከመወሰንህ በፊት አንዱን ጋብዝ።

የሸለቆው_ሰው

24 ጥሩ ቁጥር ነው። ለፓውፓውና ለፐርሲመን ትዕዛዙን ዛሬ ላክ፤ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሙቀቱ ወራት ዝናብ ከጠፋ በየሳምንቱ ውኃ አጠጣ። ከከተማ እየተመላለስክ ከሆነ ባልዲ ሥሩ ቀዳዳ አበጅተህ በየዛፉ አጠገብ አስቀምጥ፤ ሞልተኸው ስትሄድ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል።

ተጠራጣሪው

ካስማ መምቻ ብረት አለኝ፣ ፒክአፕም አለኝ። ቀኑን ንገረኝ። 24 ካስማ በመዶሻ ትመታለህ ብዬ ሳስብ ወገቤን አመመኝ።

አዲስ_ገበሬ

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ! ማርች ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ጾም ስለሆነ ምሳ ሽሮና ጎመን ነው፣ ከወዲሁ እወቅ።

ተጠራጣሪው

ቃሪያው ከበዛ እመጣለሁ።